ጥንድ ብርሃንና የአራት ኪሎ ጠመኔ

የገበያ ዕለት ነበር። ወረፋው ከባንካችን በራፍ አልፎ እስከ አስፋልቱ ደርሶ ሳለ ኔትወርኩ ጠፋ። በእኔ መስኮት ፊት የቆሙት ከጃናሞራ የመጡ አንድ አዛውንት ነበሩ። ልጃቸው ከአዲስ አበባ የላከላቸውን ብር ሊያወጡ የቁጠባ ደብተራቸውን ዘርግተውልኛል።

«አባቴ፣ ኔትወርክ የለም፤ ትንሽ ይታገሡ» አልኋቸው።

«ደብተሩ ላይ ተጽፎ የለም እንዴ?»

«ልጅዎ የላከው ገና አልተጻፈም። ከኮምፒዩተሩ ማየት አለብኝ።»

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ እንግዲያው ገንዘቤ አሁን የት ነው ያለው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ካዝናችን ውስጥ ነው ብላቸው ሐሰት ነው፤ አዲስ አበባ ነው ብላቸውም ሐሰት ነው። ገንዘባቸው በዚያች ሰዓት ቁጥር ብቻ ነበር። አዛውንቱ እስከ ዐሥር ሰዓት ጠብቀው ባዶ እጃቸውን ሄዱ። እኔም ጥያቄያቸውን ተሸክሜ ወደ ቤቴ ገባሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ታሪክ ከዚያ የተነሣ ነው። (ዘመኑን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።)

ያንን ቁጥር ከሌባ የሚጠብቀው ቁልፍም ራሱ ቁጥር ነው። 61ን በ53 አባዛ ቢሉት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ 3233 ብሎ ይመልሳል። «3233 የየትኞቹ ሁለት ቁጥሮች ብዜት ነው?» ቢሉት ግን ብዙ ወረቀት ይጨርሳል። ቁጥሮቹ በመቶ የሚቆጠሩ አኃዞች ሲኖሯቸው የዓለም ኮምፒዩተሮች ቢተባበሩም በሰው ዕድሜ አይደርሱበትም። ባንኮችና መንግሥታት ምስጢራቸውን ከሚቆልፉባቸው ዋና ዋና መቆለፊያዎች አንዱ የቆመው በዚህ ችግር ላይ ነው። በ1994 ፒተር ሾር የተባለ አሜሪካዊ የሂሳብ ሊቅ በኳንተም ሕግ የሚሠራ ኮምፒዩተር ቢኖር ይህን ቁልፍ ሊከፍተው እንደሚችል በወረቀት ላይ አሳየ። ማሽኑ ያኔ አልነበረም። ቁልፉን የሚሰብር ማሽን ዛሬም የለም፤ ወደዚያ የሚወስዱ መንገዶች ግን ተጀምረዋል፤ ከመንገዶቹም አንዱ ብርሃን ነው።

ለጎንደር ሰው ነገሩን ለማስረዳት ቅኔ ቅርብ ነው። ባለቅኔው አንዲት ኅብረ ቃል ያስቀምጣል፤ ቃሏ ሰሙንም ወርቁንም በአንድ ጊዜ ትይዛለች። ተራው ኮምፒዩተር ዜሮን ወይም አንድን ይይዛል፤ የኳንተሙ ፊደል ግን እስኪለካ ድረስ ሁለቱንም እንደ ኅብረ ቃል ይዞ ይቆያል። ምሳሌው እዚህ ላይ ይሰበራል፤ ቅኔ ከተፈታ በኋላ ሰሙም ወርቁም ይኖራሉ፣ የኳንተሙ ፊደል ግን ሲለካ አንዱን ሰጥቶ ሌላውን ያጠፋል። እንዲህ ያሉ ሁለት ፊደላት ለየብቻ ሊነገር የማይችል አንድ ነገር ሲሆኑ ያንን እኔ ቁርኝት እለዋለሁ።

ስያሜውን በ1935 ያወጣው ሽሮዲንገር ነው። በዚያው ዓመት አንስታይን ከፖዶልስኪና ከሮዘን ጋር ሆኖ፣ ነገሩ የኳንተም ትምህርት ጉድለት እንጂ የተፈጥሮ ጠባይ ሊሆን አይችልም ሲል ተከራክሮ ነበር። ክርክሩ ለሰው አእምሮ የሚመች ነው። አንድ ጥንድ ጫማ ወስጄ ግራና ቀኙን ሳላይ አንዱን ወደ ዳባት ሌላውን ወደ አዲርቃይ ጠቅልዬ ብልክ፣ የዳባቱ ሰው ፈትቶ ግራውን ካገኘ የአዲርቃዩ ቀኝ መሆኑን በዚያች ቅጽበት ያውቃል። ተአምር የለበትም፤ ጫማው ከደባርቅ ሲነሣም ግራ ነበር። በ1964 ጆን ቤል የተባለ የሰሜን አየርላንድ ሰው ይህ የጫማ ታሪክ እውነት ከሆነ የሁለቱ ወገኖች ውጤት ሊያልፈው የማይችለው ልክ እንዳለ በሂሳብ አሳየ። ከዚያ በኋላ ክርክሩ የፍልስፍና መሆኑ ቀርቶ በሙከራ የሚፈታ ሆነ።

ሙከራው የተሠራበትን መንገድ እወደዋለሁ፤ ሊማሊሞን ስለሚያስታውሰኝ። ጣልያን በወረራው ዘመን የቀደደውን ያንን መንገድ የወረደ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከደባርቅ አፋፍ በአንድ ጊዜ ቆላ አይደረስም፣ በደረጃ በደረጃ ነው። የካልሲየም አቶምም ጉልበት ተሰጥቶት ከላይ ከወጣ በኋላ ሲወርድ መካከለኛ ደረጃ ላይ ያርፍና እንደገና ይወርዳል። በመጀመሪያው መውረድ አንድ የብርሃን ቅንጣት ይለቃል፤ በሁለተኛውም ሌላ። ከአንድ ቁልቁለት የተወለዱት ሁለት ፎቶኖች የተቆራኙ ናቸው። በ1972 ጆን ክላውዘርና ስቱዋርት ፍሪድማን በካሊፎርኒያ በርክሌይ፣ ከዚያም በ1981 እና በ1982 አላን አስፔና ባልደረቦቹ በፈረንሳይ፣ እነዚህን ጥንዶች ለክተው የቤል ልክ እንደሚታለፍ አረጋገጡ። ጫማው ከደባርቅ ሲነሣ ግራም ቀኝም አልነበረም ማለት ነው። ክላውዘርና አስፔ ከኦስትሪያዊው አንቶን ዛይሊንገር ጋር በ2022 የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ።

ዛይሊንገርና ጓዶቹ በ2017 የሠሩትን አንድ ሙከራ ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። «ምናልባት የሙከራው አመራረጥ ራሱ ከፎቶኖቹ ጋር በስውር የተያያዘ ቢሆንስ?» ለሚል ተጠራጣሪ መልስ ሊሰጡ ፈልገው፣ ቪየና ላይ ምን እንደሚለካ የሚወስነውን ዕጣ ለከዋክብት ሰጡ። በሩቅ የሚገኙ ሁለት ኮከቦች ብርሃን ቀለም ዕጣ ሆኖ አገለገለ። ከዚያ በፊት የተደረገ የስውር ስምምነት ቢኖር እንኳ ከ600 ዓመት ገደማ ወዲህ ሊሆን አይችልም ነበር። ቀኑን ወደ እኛ ታሪክ ስመልሰው ዐፄ ይስሐቅ ከዳባት ብዙም በማይርቀው በወገራ ምድር ከቤተ እስራኤሎች ጋር በተዋጉበት ዘመን አካባቢ ላይ ያርፋል። ደባርቅ ላይ መብራት በጠፋ ቁጥር ደጅ ወጥቼ ቀና ስል ይህን አስባለሁ። የስሜን ሰማይ መብራት ሲጠፋ የሚሰጠውን ካሳ የሚያውቅ ያውቀዋል።

አሁን ወደ አራት ኪሎ ልውሰዳችሁ። ይህ ሁሉ የፈረንጅ ወሬ ነው የሚሉኝ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ፤ ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም በከፊል ለእነርሱ ነው።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአራት ኪሎ የፊዚክስ ክፍል፣ ዶክተር ፍሥሐ ካሳሁን ከተማሪዎቻቸው ጋር ለረጅም ዓመታት ብርሃንን በሂሳብ ሲመረምሩ ኖረዋል። ያተኮሩበት ነገር ባለ ሦስት ደረጃ ሌዘር የሚባለው ነው፤ ማለትም ያው የሊማሊሞ ቁልቁለት፣ አቶሙ ከላይ ወደ መካከል፣ ከመካከል ወደ ታች ሲወርድ ሁለት ፎቶን የሚለቅበት። ከዚህ ሌዘር የሚወጣው ብርሃን «የተጨመቀ» ይባላል። ብርሃን ሁሉ፣ ባዶ ጨለማ እንኳ፣ ጨርሶ ሊወገድ የማይችል ሁካታ አለው። ሁካታው አፉ እንደ ታሰረ የግማሽ ጆንያ ጤፍ ነው፤ በአንድ በኩል ብትጫነው በሌላው በኩል ያብጣል፣ ጤፉ ግን አይጠፋም። ያንን ጆንያ በሚፈለገው ጎን ማቅጠን መጭመቅ ነው። ሁለት የብርሃን ዓይነቶች በጋራ ሲጨመቁ ደግሞ ይቆራኛሉ።

በ2005 በአሜሪካ የማርላን ስከሊ ወገን ይህ ዓይነት ሌዘር ቁርኝትን ለማጉላት እንደሚያገለግል ጻፈ። በ2006 የፍሥሐ ተማሪ የነበሩት ስንታየሁ ተስፋ በዚያው ጉዳይ ላይ ፊዚካል ሪቪው በተባለው ታላቅ መጽሔት የራሳቸውን ጥናት አወጡ። ልዩነቱ አንድ ዓመት ነው! በዚያው ዓመት ኢዮብ አለባቸው ከፍሥሐ ጋር ሆነው ስለ ባለ ሦስት ደረጃ ሌዘር ኦፕቲክስ ኮሙኒኬሽንስ ላይ ጻፉ። ጽሑፎቹ የስሌት እንጂ የሙከራ አይደሉም፤ ጠመኔና ወረቀት፣ ከገጽ ገጽ የሚወርድ ቀመር። ፍሥሐ የማስተማሪያ መጽሐፋቸውን በ2008 ያሳተሙት ሉሉ በሚባለው፣ ደራሲ ራሱ በሚያሳትምበት የአሜሪካ ድርጅት በኩል ነበር። መጽሐፉ ስለ ኳንተም ኦፕቲክስ መሠረቶች ነው።

ይህን የነገረኝ የዩኒቨርሲቲ የማደሪያ ጓደኛዬ ነው። እኔ አካውንቲንግ፣ እርሱ ፊዚክስ። እውነቱን ልናገር፤ እኔም ፊዚክስን እመኝ ነበር፣ ነገር ግን በቤታችን «ባንክ የሚያስገባ ትምህርት» ተባለና ገባሁበት። እርሱ የፎቶ ኮፒ ወረቀቶቹን ግድግዳ ላይ ለጥፎ «ይህን የሠሩት እዚሁ አገር ነው» እያለ ያሳየኝ ነበር። ከምርቃት በኋላ እርሱ ዳባት አካባቢ አስተማሪ ሆነ፤ እኔ ደባርቅ የባንክ መስኮት ውስጥ ተቀመጥኩ።

ያ ጨምቆ የማስላት ጥበብ ለምን ይጠቅማል ላለ፣ መልሱ ከሩቅ መጣ። በ2001 ኒል፣ ላፍላምና ሚልበርን በመስታወትና በፎቶን ቆጣሪ ብቻ የኳንተም ኮምፒዩተር ሊሠራ እንደሚችል አሳይተው ነበር። በ2020 መጨረሻ የቻይናው የኸፌይ ወገን ጁጃንግ የተባለ ማሽን አቀረበ፤ የሚመገበው ያንኑ የተጨመቀ ብርሃን ነው፣ እስከ 76 ፎቶን ቆጥሯል። በ2022 የካናዳው ዛናዱ ቦሪያሊስ በ216 የተጨመቁ የብርሃን ምቶች አንድ ስሌት በ36 ማይክሮ ሴኮንድ ሲሠራ ተራው ሱፐር ኮምፒዩተር 9000 ዓመት ይፈጅበታል ተባለ። ስሌቱ ለገበያም ለቁልፍ ሰበራም የሚውል አይደለም፤ ብርሃኑም በመንገድ እየባከነ ስለሚሄድ ተራ ኮምፒዩተር ሊከተለው ይችላል ብለው የሞገቱ አሉ። የብርሃን ኮምፒዩተር ዋነኛ ጠላቱ ይህ ብክነት ነው። በ2025 ዛናዱ ኦሮራ የሚባል ሌላ ማሽን አሳየ፤ 35 ቺፖች በ13 ኪሎ ሜትር የብርሃን ክር የተያያዙበት። ለቁልፉ የተሰጋውም መልስ ተጀምሯል፤ የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም በ2024 ኦገስት ኳንተም ኮምፒዩተር እንዳይፈታቸው የታሰቡ አዳዲስ መቆለፊያዎችን አጽድቋል። ስለዚህ የጃናሞራው አዛውንት ገንዘብ ከሌሊት ወፍ ይልቅ ከሾር የሚሰጋበት ጊዜ ገና ነው።

የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። የተጨመቀውን ብርሃን ቀድመው ካሰሉት መካከል የእኛ ሰዎች ነበሩ፤ ማሽኑን ሌሎች ሠሩት። ኢዮብ ወደ ቴክሳስ ሄደው ዶክትሬታቸውን በዚያው በስከሊ ዩኒቨርሲቲ ሠሩ፤ ከዚያም ሪገቲ በሚባል የአሜሪካ ድርጅት የኳንተም ኮምፒዩተር ሠሪ ሆኑ፤ እርሱም በብርሃን ሳይሆን እጅግ በቀዘቀዘ የኤሌክትሪክ ዑደት የሚሠራ ነው። አልወቅሳቸውም፣ እንዲያውም እኮራባቸዋለሁ። ጠመኔ ብቻውን የት ድረስ እንደሚያደርስ ሳስብ ግን ኩራቱ ይቆመጥጠኛል። ስንታየሁ በ2020 ስለ ኳንተም ኦፕቲክስ በሽፕሪንገር ትልቅ መጽሐፍ አሳትመዋል፤ ስንት የእኛ ተማሪ አንብቦት ይሆን?

አንድ ነገር ይቀረኛል። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ ወደ እኛ ቀርቦ፣ ከዳባት አጠገብ በጭና ሰላማዊ ሰዎች ሲገደሉ፣ ጓደኛዬን ለቀናት በስልክ ላገኘው አልቻልኩም። ደባርቅ በተፈናቃይ ተሞልታለች፤ እኔ ፊት ፊት እያየሁ እፈልገዋለሁ። አንድ ሌሊት ያ ጥንድ ፎቶን ትዝ አለኝ፤ አንዱ በእኔ ዘንድ፣ አንዱ በእርሱ ዘንድ ቢሆን ብዬ ተመኘሁ። በኋላ በሕይወት ተገኝቶ ሲመጣ ይህንኑ ነገርኩት። ስለዚያ ሰሞን እስከ ዛሬ ብዙ አይናገርም፤ የዚያን ዕለት ግን አስተማሪነቱ ቀደመውና «በቁርኝት መልእክት አይላክም» አለኝ። «አንተ ስትለካ የምታገኘው ዕጣ ነው፣ እኔም የማገኘው ዕጣ ነው። ዕጣዎቹ መመሳሰላቸውን የምናውቀው ስንገናኝ፣ ወይም ስልክ ስንደዋወል ብቻ ነው።»

አዛውንቱ በሳምንቱ የገበያ ዕለት ተመለሱ። ኔትወርክ ነበር። ብሩን ቆጥሬ ስሰጣቸው እርሳቸውም በተራቸው ሁለት ጊዜ ቆጠሩት፤ ጋቢያቸው ውስጥም ቋጠሩት።

«ለመሆኑ የት ከርሞ መጣ?» አሉኝ።

«መንገድ ላይ ነበር፣ አባቴ።»

«በዳባት በኩል ነው የመጣው?»

«በዳባት በኩል» አልኋቸው።