ሥልጠናው ለማን ነበር?

በ1970ዎቹ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሞስኮ ከበረሩት ወጣቶቻችን መካከል ግብርና ሊማሩ የሄዱም ነበሩ። ያኔ ከአስፋልቱ ጥቂት ራቅ ሲሉ፣ ቦሌ ቡልቡላና ቦሌ ለሚ ላይ ገበሬው በበሬ ያርሳል። አንዱ የትራክተር ነገር ሊማር ከበላዩ ያልፋል፤ ሌላው የእርፉን እጀታ እንደያዘ ቀና ብሎ ያያል።

ሞስኮ ትምህርቱን በራሷ ገበሬ ላይ ሞክራው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1929 መጨረሻ የጋራ እርሻ ዘመቻው ሲፋፋም ትራክተር ቢገኝ እንኳ በቂ ነጂ አልነበረም። ስለዚህ የገጠር ወጣት በአጭር ኮርስ እየሠለጠነ መሪ ጨበጠ። በ1933 ዩክሬን ውስጥ የሴት ትራክተር ነጂዎችን ቡድን የመራችው ፓሻ አንጀሊና ስሟ በአገሩ ሁሉ ናኘ። በዚያው ዓመት ግን ረሃብ ሚሊዮኖችን ይፈጅ ነበር። እህሉ በኮታ ተወስዷል፤ ጠንካራው ገበሬም «ኩላክ» ተብሎ ተግዟል።

እኛስ? የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ ገበሬው እልል አለ። በ1971 ደግሞ የአምራቾች ኅብረት ሥራ መመሪያ መጣ፦ መልባ፣ ወልባ፣ ወላንድ። በመልባ መሬቱ የጋራ ይሆናል፤ በወልባ በሬውና ማረሻው ይከተላሉ። ለዚህ ሁሉ የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል፦ ሊቀመንበር፣ ሒሳብ ያዥ፣ የሥራ ነጥብ መዝጋቢ፣ ትራክተር ነጂ። ባሌ አጋርፋና አርሲ አርዳይታ ላይ ማሠልጠኛ ተከፈተ። ናዝሬት ላይም በሶቪየት ድጋፍ የተቋቋመው ፋብሪካ ትራክተር ይገጣጥም ጀመር።

ሥልጠናው በራሱ ክፉ አልነበረም። ክፋቱ ገበሬው «ትገባለህ ወይስ ትቀራለህ?» ተብሎ ከልብ አለመጠየቁ ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል የለ? የካቲት 26 ቀን 1982 ኮሎኔል መንግሥቱ ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጁ ገበሬው መልሱን ሰጠ። በወራት ውስጥ አብዛኞቹ ማኅበራት ፈረሱ፤ መሬቱንም በሬውንም ተከፋፈሉት።

ዛሬ ቦሌ ለሚ ላይ ማሳው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ቦሌ አራብሳ ላይ ኮንዶሚኒየም ሆኗል። መሬቱን የለቀቀውንም ገበሬ «እናሠልጥንህ» እንለዋለን። ይሁን፣ ይሠልጥን። ግን እስቲ መጀመሪያ ይጠየቅ፤ ምን ታውቃለህ? ምን መሥራት ትፈልጋለህ? ይህን ሳይጠይቁ ማሠልጠን ምን እንደሚያተርፍ አንዴ ከሶቪየት፣ አንዴ ከራሳችን አይተነዋል።