«ማይጨው ላይ የተማረከ ሽጉጥ» ሲሏችሁ መጀመሪያ ብረቱን አንብቡ

ቤተሰብ፣ በውስጥ መስመር የምትልኩልን ፎቶ አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። ነጠላ ላይ የተቀመጠ ጥቁር ሽጉጥ፣ ከሥሩ ደግሞ «የአያቴ ነው፣ ማይጨው ላይ ከጣሊያን መኮንን የተማረከ፣ ቀብድ የላከ ይወስዳል» የሚል ጽሑፍ። እኛ ጋ ጎብዬ ይሄ ወሬ ቶሎ ገዢ ያገኛል። ከዚህ ተነስቶ በቆቦ፣ በአላማጣና በኮረም ሽቅብ የሄደ ሰው ማይጨው ይደርሳል፤ ስለዚያ ጦርነት ሳይሰማ ያደገ ልጅ የለም።

አንድ ነገር አስቀድመን እንጥራ። በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝም መሸጥም ክልክል ነው። ፌስቡክም ከጥር 2008 ጀምሮ የግለሰቦችን የመሣሪያ ሽያጭ ከልክሏል። «አሮጌ ነው፣ ለጌጥ ነው» የሚለው የሻጭ ቃል ፈቃድ አይሆንም። ይሄን የምንጽፈው እንድትገዙ አይደለም። ቀብዳችሁን እንዳትበሉ ነው፤ ቤታችሁ ያለውንም እንድታውቁት።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ቁጥሩ ላይ ነው። በአገራችን «የጣሊያን» ተብሎ በብዛት የሚቀርበው የቤሬታ 1934 ሽጉጥ ነው። በላይኛው ተንሸራታች ብረት ጎን ላይ የፋብሪካው ስም፣ «1934» የሚለው ሞዴል፣ የተሠራበት ዓመትና አንድ የሮማ ቁጥር ተቀርጾ ይገኛል። ሻጩ 1934ን አይቶ «ይኸው፣ በ1934 የተሠራ» ይላችኋል። 1934 የሞዴሉ ስም ነው፣ ያውም በፈረንጅ አቆጣጠር። በእኛ 1934 ዓ.ም. እኮ ጃንሆይ አዲስ አበባ ከተመለሱ (ሚያዝያ 27 ቀን 1933) በኋላ ነው!

የሮማው ቁጥር ደግሞ የሙሶሎኒ ዘመን ነው። ፋሺስቶቹ ሥልጣን ከያዙበት ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. ጀምረው ዓመታቸውን ለብቻ ይቆጥሩ ነበር። የማይጨው ጦርነት የተደረገው መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1936) በመሆኑ በእነሱ 14ኛው ዓመት ላይ ይወድቃል። ስለዚህ «1940» እና የሮማ 18 የተቀረጸበት ሽጉጥ ማይጨው ሊዋጋ አይችልም፤ ገና አልተሠራማ። ያም ሆኖ ሽጉጡ ራሱ ትክክለኛ ሊሆን ይችላል፤ ጣሊያን እስከ 1933 አገር ውስጥ ስለነበር ያኔ ገብቶ የቀረ ይሆናል። ብረቱ እውነተኛ ነው ወይ የሚለውና ወሬው እውነት ነው ወይ የሚለው ሁለት የተለያየ ጥያቄ ነው። የጦር ሠራዊቱ ንብረት የነበረ ከሆነ ከዘውድ ሥር «አር» እና «ኢ» የሚሉ የላቲን ፊደላት ይኖሩታል።

«የአድዋ» የሚባለውማ ብሶ አረፈው። አድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፣ በፈረንጅ መጋቢት 1896። ቤሬታ የመጀመሪያ ሽጉጡን የሠራው በ1915 እ.ኤ.አ. ነው። ያ እጀታው የመጥረጊያ እንጨት የሚመስለው የጀርመን ማውዘርም ገና በ1896 መሠራት የጀመረ ነው። ከአድዋ ሊሆን የሚችለው የጣሊያን መኮንኖች የያዙት ቦዴዮ የሚባለው ባለ ስድስት ጥይት ሪቮልቨር ነው። ሞዴሉ የ1889 ቢሆንም ከአድዋ በኋላም ለብዙ ዓመት ተሠርቷል፤ ስለዚህ የእሱም ቀን ይታይ።

«የአፄ ቴዎድሮስ ሽጉጥ» ብሎ የለጠፈም አይተናል። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላ ላይ ራሳቸውን ያጠፉበት ሽጉጥ ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከላቸው ስጦታ ነበር። ለቆንስሉ ፕላውደን ስላደረጉት ደግነት የምስጋና ጽሑፍ ያለበት ሰሌዳም ነበረው፤ የወሰዱትም እንግሊዞች ናቸው። በዚያ ዘመን ደግሞ ባለ ካዝና ሽጉጥ በዓለም ላይ አልነበረም። ማስታወቂያው ላይ ያለው ካዝና ነበረው።

ስለ ብረቱ። ለጌጥ የሚሠሩ የውጭ አገር ቅጂዎች ብዙዎቹ ዚንክ ናቸው፣ ማግኔት አይዛቸውም። እርግጥ በፎቶ ማግኔት አይሠራም፤ ሻጩ በቪዲዮ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። እውነተኛ እርጅና የእጅ መንገድ አለው፦ የአፈሙዙ ጫፍና እጅ የሚይዘው ቦታ ይሳሳል፣ ጉድጓዱ ውስጥ ግን የድሮው ቀለም ይቀራል። ሁሉም ቦታ እኩል የዛገ ከሆነ በአሲድ ወይም አፈር ውስጥ ቀብሮ ያስረጀው ሰው አለ። ፊደሉ ከዝገቱ በላይ ተቀርጾ ከታየም ጽሑፉ አዲስ ነው። በፓኪስታን ዳራ አደም ኬል በእጅ የሚሠሩ ቅጂዎች የሚታወቁት በተሳሳተ ፊደል ነው፤ አንዳንዱ ላይ ፊደሉ ተገልብጦ ነው የሚገኘው።

ከሁሉ የሚቀለው ዘዴ ግን ስልካችሁ ላይ ነው ያለው። ፎቶውን ጎግል ሌንስ ውስጥ አስገቡት፤ ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ ጨረታ ገጽ የተወሰደ ከሆነ ብዙ ጊዜ ወዲያው ይመጣል። ካልመጣ የዛሬን ቀንና የእናንተን ስም በወረቀት ጽፎ ከዕቃው ጎን አድርጎ ፎቶ እንዲያነሳ ንገሩት። «አታምኑኝም እንዴ?» ብሎ ከተቆጣ መልሱን አግኝታችኋል።

በውጭም እውነተኛው ዕቃ የሚለየው በጉዞ ታሪኩ ነው። በየካቲት 2016 እንግሊዝ ኒውካስል ውስጥ ለጨረታ ቀርቦ የነበረው ጋሻ የመቅደላ ስምና የጦርነቱ ቀን ተጽፎበት ነበር። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ጠይቆ ከጨረታው ተነሳ፣ በኋላም ወደ አገሩ ተመለሰ። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ማንም ሊቀርጽ ይችላል፤ ክብደት የሚሰጠው ከማን እጅ ወደ ማን እንደሄደ ሲታወቅ ነው። የአያቶቻችሁ ዕቃ ካለ ዛሬውኑ አያታችሁን ጠይቁ፣ ድምፃቸውን ቅዱ፦ ማን ሰጠው? መቼ? የት?

ቤት ያለውን በብርጭቆ ወረቀት አትፈትጉት፤ ታሪኩ አብሮ ይፋቃል። «ባዶ ነው» ተብሎም ምላጩ አይነካ፣ አሮጌ ጥይት ውስጡ ሊኖር ይችላል። ፈቃዱን ጉዳይ ከፖሊስ ጋር ጨርሱ። ለእኛ ፎቶ ስትልኩ ደግሞ የመለያ ቁጥሩን ሸፍኑት፤ ቆርጦ ሌላ ማስታወቂያ ላይ የሚለጥፍ አይጠፋም።