እንጀራ ሲጋገር መብራቱ ለምን ይጠፋል? የፊውዝና የብሬከር ታሪክ

ሐይቅ ከተማ ውስጥ አንድ ግቢ አስቡ። ፊት ለፊት ዋናው ቤት፣ ከጓሮ ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች፤ ቆጣሪው ግን አንድ ነው። ለጓሮው አምፖል ተብሎ በተሳበው ቀጭን ሽቦ ላይ አንድ ቀን የኤሌክትሪክ ምጣድ ይሰካል። የመጀመሪያዋ እንጀራ ሳትወጣ ጨለማ! ብሬከሩ ወረደ። ታዲያ አንዱ “በትልቅ ብሬከር ቀይሩት” ይላል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ለምን?

እንግሊዛዊው ጄምስ ጁል በ1841 (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው) እንዳሳየው፣ በአንድ ሽቦ የሚያልፈው ከረንት እጥፍ ሲሆን በሽቦው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል። የ100 ዋት አምፖል በ220 ቮልት ግማሽ አምፔር እንኳ አይስብም። የ3,500 ዋት ምጣድ ግን 16 አምፔር ያህል ይስባል። ከረንቱ 35 እጥፍ ነው፤ ሙቀቱ ደግሞ ከ1,200 እጥፍ በላይ! የሽቦው ላስቲክ የሚቀልጠው፣ ቤትም የሚቃጠለው እንዲህ ነው።

መላው የመጣው ከቴሌግራፍ ነው። በ1847 ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬጌ መብረቅ የቴሌግራፍ ጣቢያዎችን እንዳያቃጥል በመስመሩ ላይ ቀጭን ሽቦ እንዲገባ ሐሳብ አቀረበ። አደጋ ሲመጣ ቀጭኑ ቀድሞ ይቀልጥና መስመሩን ይቆርጣል። ፊውዝ ማለት ይኸው ነው። ችግሩ፣ ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር መቀየር አለበት፤ የሰለቸው ሰው በቦታው ወፍራም ሽቦ ይጠመጥምበታል። ያኔ ቀድሞ የሚቀልጠው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ይሆናል።

በ1924 ጀርመናዊው ሁጎ ሽቶትስ በፈጣሪነት የተጠቀሰበት የዛሬው ትንሽ ብሬከር የፈጠራ ባለቤትነት ተመዘገበ። ውስጡ ሁለት ዘበኞች አሉ፦ ጭነት ሲበዛ ሞቆ የሚታጠፍ ብረት፣ ገመዶች ሲነካኩ ደግሞ ወዲያው የሚስብ ማግኔት። ከወረደ በኋላ መልሶ ማንሳት ይቻላል።

እንግዲህ ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። በቀጭን ሽቦ ላይ ትልቅ ብሬከር መግጠም ያንኑ የፊውዙን ጥፋት መድገም ነው። ለጓሮው የሚበጀው ከዋናው ሳጥን የራሱ ብሬከር ያለው ወፍራም ሽቦ ስቦ ሁለተኛ የብሬከር ሳጥን ማስገጠም ነው፤ ምጣዱና መብራቱም እዚያ ይለያያሉ። አሜሪካ ውስጥ መኝታና ማድቤት ያለውን መኪናቸውን ግቢያቸው የሚያቆሙ አንዳንድ ሰዎችም የሚያስገጥሙት ይህንኑ ነው። ሳጥኑ ግን ከቆጣሪው የሚመጣውን ኃይል አይጨምርም፤ ስለዚህ ሥራው የባለሙያ ነው።

እቤታችሁ ብሬከር ደጋግሞ ሲወርድ መጀመሪያ ጠይቁ፦ ይህ ሽቦ የተሳበው ለአምፖል ነበር ወይስ ለምጣድ?