ቫይታሚን ዲ እና የአረጋውያን መውደቅ

የዓሣ ጉበት ዘይት በሰሜን አውሮፓ የሕፃናትን አጥንት ለማጠንከር ያገለገለው የፈዋሽነቱ ምክንያት ከመታወቁ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 አሜሪካዊው ኤልመር ማኮለም በዘይቱ ውስጥ ሪኬትስን (የሕፃናትን የአጥንት መለስለስ በሽታ) የሚፈውሰው ንጥረ ነገር ከቫይታሚን ኤ የተለየ መሆኑን አሳየ፤ ይህም ቫይታሚን ዲ ተባለ።

በኋላ ትኩረቱ ወደ አረጋውያንም ዞረ፤ በ1992 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በአረጋውያን መኖሪያዎች በሚጦሩ 3,270 ሴቶች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ካልሲየምና በቀን 800 ዩኒት ቫይታሚን ዲ በወሰዱት ዘንድ የዳሌ ስብራት በ18 ወር ውስጥ በ43 በመቶ ቀነሰ። ከሴቶቹ ብዙዎቹ ቫይታሚኑ የጎደላቸው ነበሩ፤ ይህ ነጥብ በኋላ ቸል ተባለ። የቫይታሚኑ ክኒን ጡንቻን አበርትቶ የማንኛውንም አረጋዊ እርምጃ ያጸናል የሚለው ተስፋ ከማስረጃው ቀድሞ ተስፋፋ።

በ2010 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ተስፋውን ገታው። ዕድሜያቸው ከ70 በላይ የሆኑ ሴቶች በዓመት አንዴ 500,000 ዩኒት ሲወስዱ፣ መድኃኒት አልባ ክኒን ከወሰዱት ይልቅ በ15 በመቶ አብዝተው ወደቁ። አንድ የአሜሪካ የመከላከያ ሕክምና ግብረ ኃይልም በ2018 እጥረት የሌለባቸውና በቤታቸው የሚኖሩ አረጋውያን መውደቅን ለመከላከል ቫይታሚኑን እንዳይወስዱ መከረ። በምትኩ የመውደቅ ስጋት ላለባቸው የአካል ብቃት እንቅስቃሴን መከረ።