የቦዘነ አቅም ኪራይ

«ኮምፒውተርህን ከፍተህ ተኛ፣ ዶላሩ ሌሊቱን ይመጣል» የሚለው ስብከት መጠሪያው «ፓሲቭ ኢንካም» ነው። ወደ አማርኛ ሲመጣ አንዳንዱ «ተገብሮ ገቢ» ይለዋል፣ ሌላው «ያለ ልፋት የሚገኝ ገቢ»። የመጀመሪያው ከሰዋስው መጽሐፍ የተቀዳ በመሆኑ በገንዘብ ወሬ መሀል ሲገባ የሚነግረን ነገር የለም። ሁለተኛው ይናገራል፣ ግን ይሸነግላል፤ ማን እንደማይለፋ እንጂ ምን እንደሚያልቅ አይገልጽም። ለቤት ኮምፒውተር የማቀርበው ስያሜ «የቦዘነ አቅም ኪራይ» የሚል ነው። ኪራይ ካልን አከራይና ተከራይ አለ፣ የሚያረጅ ንብረት አለ፣ የጥገና ወጪ አለ። ትርፍ ተገኘ የሚባለውም ይህ ሁሉ ከተቀነሰ በኋላ ነው።

ይህን ወጪ ሳይቀንሱ መቅረት ምን እንደሚያስከትል ለማየት የአዲስ አበባው አራዳ ይበቃል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበረ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ኪራዩም ተቀነሰ። በደጃች ውቤ ሰፈር፣ በሠራተኛ ሰፈር፣ በዶሮ ማነቂያ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ለዐሥርት ዓመታት በጥቂት ብር ሲከራይ ኖረ፤ የሚሰበሰበው ግን ለጥገና አይበቃም ነበር። በየወሩ ገቢ ተብሎ የሚመዘገበው ገንዘብ በእርግጥ የቤቱ ዕድሜ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የከተማዋ የኮሪደር ልማት በዚያው በአራዳ ፒያሳ ቤቶችን ሲያፈርስ እርጅናቸው አንዱ ምክንያት ሆኖ ቀረበ። መፍረስ ነበረባቸው ወይ የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ እዚህ የሚያስፈልገን እርጅናው ከየት እንደመጣ ብቻ ነው።

ወደ ኮምፒውተሩ እንመለስ። ደብዳቤ የሚጻፍበት ወይም ዘፈን የተከፈተበት ኮምፒውተር ከፕሮሰሰሩ አቅም የሚጠቀመው ጥቂቱን ነው፤ የቀረው ይቦዝናል። ይህን የቦዘነ አቅም በሰፊው ካሠሩት አንዱ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የተጀመረው «ሴቲ አት ሆም» ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2020 ሚሊዮኖች ከሕዋ የመጣ የሬዲዮ ምልክት እንዲመረመርበት ኮምፒውተራቸውን ሰጡ። ክፍያ ስላልነበረው ውሰት እንጂ ኪራይ አንለውም። ገንዘቡን ያመጣው እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው የክሪፕቶ ገንዘብ ቢትኮይን ነው። ያኔ ተራ ኮምፒውተር «ማይን» ማድረግ፣ ማለትም ሽልማት የሚያስገኘውን ቁጥር በተደጋጋሚ ሙከራ መፈለግ ይችል ነበር። አሁን ለዚሁ ብቻ የተሠሩ ማሽኖች አሉ፤ ለምሳሌ አንትማይነር ኤስ19 ፕሮ የተባለው በሴኮንድ 110 ትሪሊዮን ያህል ሙከራ ያደርጋል። የቤት ግራፊክስ ካርድ በጥቂት ቢሊዮን ላይ ይቆማል። በአማካይ በየ10 ደቂቃው የሚወጣው ሽልማት ግን ለሁሉም አንድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ወደ 3.125 ቢትኮይን ወርዷል፤ የማግኘት ዕድሉም በሙከራ ብዛት ይከፋፈላል።

«መብራት እኛ ዘንድ ርካሽ ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። እውነትነት አለው። የውጭ ኩባንያዎች፣ በተለይም ቻይናውያን፣ ማሽኖቻቸውን በኮንቴይነር ጭነው የመጡት ለዚሁ ነው፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልም በዶላር ይሸጥላቸዋል። ነገር ግን ርካሽ መብራት የሚጠቅመው ከእያንዳንዱ ዋት ብዙ ሙከራ የሚያወጣውን ነው፤ በአንድ አገር መብራት ከእነዚያ ማሽኖች ጋር የሚወዳደር የቤት ኮምፒውተር ከጅምሩ ተሸንፏል። 300 ዋት የሚበላ ኮምፒውተር ለ30 ቀን ሳይጠፋ ቢሠራ 216 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራል፤ 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ከ60 ሰዓት በላይ ተጥዶ እንደማለት ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍም ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ይወደዳል። ብዙ አባወራ በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀምበት ግቢ ውስጥማ ኪራዩን የሚበላው አንድ፣ ሒሳቡን የሚያዋጣው ሁሉም ነው።

«ኮምፒውተሩ ለማንኛውም ክፍት ነው» የሚለው መልስ ደካማ ነው። ቦዝኖ 60 ዋት የሚበላ ማሽን ሥራ ሲበዛበት 300 ከደረሰ፣ የኪራዩ ወጪ የ240ው ልዩነት ነው። ሙቀቱና አቧራው ማራገቢያውንና ፓወር ሰፕላዩን ይጨርሳሉ፤ መለወጫው ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የገባ ዕቃ ነው።

የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ኪራይ ቢትኮይን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ኢቴሪየም የተባለው ሌላ የክሪፕቶ ገንዘብ መረብ አሠራሩን ቀይሮ ግራፊክስ ካርዶችን ከማይኒንግ ካሰናበተ ወዲህ፣ ካርድን ለሰው ሠራሽ አስተውሎትና ለሦስት አውታር ምስል ሥራ በሰዓት ማከራየት የተሻለ መንገድ ሆኗል። ቀን ቪዲዮ የሚያቀናብር የፒያሳ ስቱዲዮ፣ ካርዱ ዋጋውን ከመለሰ፣ ቆጣሪው የራሱ ከሆነ፣ መብራቱና ኢንተርኔቱ ካልተቆራረጠበት ሌሊቱን አከራይቶ ሊያተርፍ ይችላል። ይህን እቀበላለሁ። ግን ይህ ሰው ነጋዴ ነው፤ ደንበኛ ይጠብቃል፣ ብልሽት ይከታተላል። ክፍያውስ በምን ይመጣል? በክሪፕቶ ከሆነ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ሕጋዊው መገበያያ ብር መሆኑን ገልጾ አስጠንቅቋል።

የኢንተርኔት መስመርን ማከራየት ከሁሉም ቀላል ይመስላል፤ ካርድም ጉልበትም አይጠይቅም፣ አንድ አፕሊኬሽን ጭኖ መተው ነው። የሚከራየው ግን በዓለም ፊት የእርስዎ የኢንተርኔት አድራሻ ነው። የማያውቁት ሰው በዚያ አድራሻ አጭበርብሮ ቢገኝ መጀመሪያ የሚጠየቀው ባለ መስመሩ ነው። አንዲት ክፍል የሚያከራይ ሰው እንኳ በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉን በጽሑፍ አድርጎ እንዲያስመዘግብ ይገደዳል፤ መስመሩን ያከራየው የተከራዩን ስም አልጠየቀም፣ ቢጠይቅም የሚነግረው የለም።