በርጫና ደም ግፊት በሐረር

«የዛሬ ልጅ በርጫን በጨብሲ አበላሸው» የሚለው ወቀሳ (በርጫ የጫት መቃሚያው ቆይታ፣ ጨብሲ ከጫት በኋላ የሚጠጣው መጠጥ ነው) በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ጀጎል ውስጥ ላደገ ሰው አዲስ አይደለም። እኔም ነደባ (የቤት ውስጥ መደብ) ላይ ከአጎቶቼ ጋር ተቀምጬ ስሰማው፣ ልክ ናቸው እያልኩ ነው የኖርኩት። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ግን በጥር 1855 እ.ኤ.አ. ሐረር ገብቶ ያየውን ሲጽፍ፣ የከተማው ሰው በየቀኑ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ እኩለ ቀን አካባቢ ጫት ይቅማል፤ ምሳ ይበላል፤ ከዚያ ጠጅና የማሽላ ጠላ ያስከትላል ይላል። ጨብሲ ማለት ይኸው አይደል?

የዚያን ጊዜው የሐረር ገዥ አሚር አሕመድ ገና ሃያ አራት ወይም ሃያ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ የከሳና የገረጣ ወጣት ነበር። የደም ግፊቱን የሚለካለት ግን አልነበረም፤ ሐኪሞች ክንድ ላይ የሚጠመጥሙትን መለኪያ ጣሊያናዊው ሪቫ ሮቺ ያስተዋወቀው በ1896 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ «የድሮ ሰው ቅሞም ጤነኛ ነበር» ሲሉኝ አልከራከርም፤ ግን አላምንም።

የጫት ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር የልብ ምትን ያፈጥናል፣ የደም ሥርን ያጠብባል፣ ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ጫቱ ሲደርቅ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ከጫት ገበያዋ ከአወዳይ የሚነሳው ኢሱዙ መኪና እንደ አምቡላንስ የሚበረውም ለዚሁ ነው። የመን ውስጥ የተሠሩ ጥናቶች ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) በቃሚዎች ላይ በመቃሚያው ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላና ምሽት ላይ እንደሚበዛ አሳይተዋል።

የዛሬው በርጫ ደግሞ አጃቢው ብዙ ነው፦ ሲጋራው፣ ሺሻው፣ ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳው። የባቢሌ ለውዙን እንኳ ልተወው፣ እሱ ጨው ካልበዛበት ጥፋት የለበትም። ሲጋራ ግን ራሱን ችሎ የደም ሥርን ያበላሻል፤ ከጫት ጋር ሲሆን ልብ ከሁለት ወገን ይመታል።

ባጃጅ የሚነዳ የእህቴ ልጅ አለ፣ ሠላሳ አልሞላውም። ፈረስ መጋላ አካባቢ ሲለካ ግፊቱ ከፍ ብሎ ተገኘ። ጓደኞቹ «የጫቱ ምርቃና ነው፣ ይወርዳል» አሉት። ነርሷ ግን ሳይቅም አድሮ በጠዋት እንዲመጣ አዘዘችው፤ ቤተሰብ ውስጥ ግፊት ያለበት እንዳለም ጠየቀችው። አባቱ የሞተው በስትሮክ ነው። ሳይቅም፣ ሳያጨስ በጠዋቱ ሄደ። አልወረደም። ያን ጊዜ መድኃኒት ተጀመረለት፤ ሲጋራውን ተወ፣ በርጫውን ግን ለዓርብ ብቻ አስቀርቻለሁ እያለ ከነርሷ ጋር እየተከራከረ ነው።