እንቢልታ በኦሞ ወንዝ ዳር

በውጭ አገር ለትምህርት በነበርሁበት ጊዜ፣ በኤዲንብራ ምሽግ ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ላይ በየዓመቱ የሚደረገውን የወታደር ሙዚቃ ትርኢት ለማየት ዕድል አጋጥሞኝ ነበር። ይህ በዓል የተጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950 ሲሆን፣ ዋና ጌጡ ስኮትላንዶች ከስልቻ ጋራ አያይዘው የሚነፉት ዋሽንትና ከበሮው ነው። የእንግሊዝ ጦር በደረሰበት ሁሉ ይህ ሙዚቃ ስለ ተከተለው፣ ዛሬ ፓኪስታንም ዮርዳኖስም ዖማንም የየራሳቸው ነፊዎች አሏቸው፤ በፓኪስታን የምትገኘው የሲያልኮት ከተማ መሣሪያውን እየሠራች ለዓለም ትሸጣለች። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው «በአገራችሁስ እንዲህ ያለ ነገር አለን?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ የሰጠሁት መልስ አጭርና ደካማ ነበር።

በእርግጥ ነበረን። በቀድሞ ዘመን ነጋሪት ማስጎሰም የሹመት ምልክት ነበረና፣ ባለ ነጋሪት የተባለ መኰንን በዘመቻ ሲጓዝ ነጋሪቶቹ በበቅሎ ተጭነው፣ መለከትና እንቢልታ ነፊዎች አብረውት ይሄዱ ነበር። ከእነዚህ ሁሉ የሚያስደንቀው እንቢልታ ነው። ጣት የሚያርፍበት ቀዳዳ የለውም፤ ስለዚህ አንዱ ነፊ ብቻውን ዜማ ሊያወጣ አይችልም። ሦስት ሰዎች፣ ሦስት ልዩ ልዩ ርዝመት ያላቸውን እንቢልታዎች ይዘው፣ አንዱ ሲያቆም ሌላው እየተቀበለ ዜማውን በመካከላቸው ይሠሩታል።

ይህ ድምፅ ወደ ኦሞ ወንዝ መጨረሻ የደረሰው በ1890 ዓ.ም. ነው። በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ትእዛዝ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ከከፋ ተነሥተው ወደ ሩዶልፍ ሐይቅ፣ ዛሬ ቱርካና ወደሚባለው፣ ሲዘምቱ፣ ቡላቶቪች የተባለ የሩሲያ መኰንን አብሯቸው ነበር፤ ስለ ጕዞው የጻፈውም መጽሐፍ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1900 ታትሟል። በሐይቁ ዳር ሰንደቅ ዓላማ ሲተከል ተኩስ ተተኵሶ፣ ነጋሪት ተጎስሞ፣ ነፊዎቹም ነፍተዋል። ለዘማቹ ይህ የድል በዓል ነበር። በዚያ አገር ለሚኖረው ሕዝብ ግን ያ ድምፅ ሌላ ትርጕም ነበረው፤ ከብቱ የተነዳበት፣ ሰው የተማረከበት፣ እንደ አሪ ያለው ገበሬም በኋላ ወደ ገባርነት የገባበት ዘመን መጀመሪያ ነው። የታሪክ ጸሐፊዎቻችን የመጀመሪያውን ትርጕም ጽፈው ሁለተኛውን መተዋቸው፣ እንደ እኔ አሳብ፣ ትልቅ ጕድለት ነው።

የእንቢልታው ዕድልም ብዙ አልቆየም። ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የናስ መሣሪያ መጣ። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በኢየሩሳሌም ያገኟቸው አርባ የአርመን ልጆች ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋራ አዲስ አበባ ገቡ፤ ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን የጻፈለት የናልባንዲያን መዝሙርም የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ሆነ። ከዚያ ወዲህ ክብር ዘበኛም ፖሊስም ጦር ሠራዊትም ማርሽ ባንድ ሲያቋቁሙ፣ ሁሉም በናስ ነው። ነጋሪት እንኳ በ1934 ዓ.ም. ለሕግ ጋዜጣ ስሙን አውርሶ ቀረ።

ነገር ግን አንድ ሰው አንድ ድምፅ ብቻ እየሰጠ ዜማውን በኅብረት የመሥራት ጥበብ ከቤተ መንግሥት ጋራ አልጠፋም። ወደ ጂንካ የሚመጣ ሰው በዙሪያው ባለው የአሪ አገር ወይሳ የሚባለውን የቀርከሃ ዋሽንት ቡድን ይሰማል፤ በጊዶሌ በኩል ያሉት ደራሼዎችም ፊላ የሚሉት አላቸው። እዚህ ሦስት ሰው ብቻ አይደለም፤ ብዙ ሰው ክብ ሠርቶ፣ እየጨፈረ፣ እያንዳንዱ ተራውን ጠብቆ ይነፋል። ማዕርግ ያለው ሰው አይቀድመውም፤ ሰልፍም አይከተለውም። የሰሜኑ እንቢልታና የደቡቡ ፊላ ከአንድ ምንጭ ወጡ ለማለት አልደፍርም፤ አሠራራቸው አንድ መሆኑን ግን ጆሮ ያለው ሁሉ ይመሰክራል። ታዲያ አንዱን «የመንግሥት ቅርስ»፣ ሌላውን «የጎሳ ጭፈራ» እያልን ለየብቻ የምናስተምረው ስለ ምንድር ነው?

በጂንካ ኮረብታ ላይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1993 የተከፈተው የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም አለ። የማኅበራችን አባሎች ወደዚያ ሲሄዱ፣ የወይሳውን ቀርከሃ ለመለካት ብቻ ሳይሆን፣ የእያንዳንዱን ነፊ ድምፅ ለየብቻው፣ ቀጥሎም በአንድነት ቀርጸው፣ የያንዳንዱን ስም በነፊዎቹ በራሳቸው ቋንቋ መዝግበው እንዲያመጡ እለምናለሁ። እንቢልታ ነፊዎቹ በሕይወት ሳሉ ይህን ያደረገላቸው ሰው ጥቂት ነበር።